የቀረው እጅ

እትዬ የምትውለው ስታወራ ነው። በጥርስ ክሊኒክ መግቢያ ላይ ካለው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ መርፌ የሚፈራውን ታደፋፍራለች፣ የሚያለቅሰውን ልጅ ታባብላለች፣ ተራዬ ታለፈ ብሎ የሚቆጣውን ታበርዳለች፣ በመሃል ስልክ ታነሳለች። እትዬ የሚላት ድሮ ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነበር። ክሊኒኩም ጎረቤቱም ከእሱ ተውሶ ስሟን አስረሳት።

እንዲህ ስትለፈልፍ ውላ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ዝምታ ነበር። ባሏ መስታወት ቆራጭ ነው። ሱቁ ከታች፣ መኖሪያቸው ከላይ ሆኖ በጠባብ የውስጥ ደረጃ ይገናኛል። ሰው «ጭምቱ» ይለዋል፤ ሲያንሰው ነው። ደንበኛ መጥቶ የመስኮቱን ልክ ሲነግረው ራሱን ይነቀንቃል፣ ልኩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፋል፣ ሥራው ሲያልቅ መስታወቱን አውጥቶ በር ላይ ያስደግፋል። በቃ። ጎረቤቱ ፍሬም ሠሪው፣ «ከጭምቱ ጋር ከማውራት ከመስታወቱ ጋር ማውራት ይሻላል፤ ቢያንስ አንድ አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለህ» እያለ ይቀልድበታል። ጭምቱም ይስቃል፣ ያለ ድምፅ።

እጁ ግን ሌላ ጉድ ነው። መስታወቱን አሮጌ ብርድ ልብስ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ያጋድመዋል፤ ማስመሪያውን ያሳርፋል፤ መቁረጫውን ከወዲያ ጫፍ ወደ ደረቱ አንዴ ብቻ ይስበዋል። ጭርርር ይላል። ትንሽ ቆም ብሎ ከሥር በጣቱ ቆረቆር ያደርገዋል። ከዚያ ቀጭ። የሚደግመው የለም፣ የሚያስተካክለው የለም። ሲጨርስ ማንም እጁን እንዳይቆርጠው ጠርዙን በድንጋይ ያሻሸዋል፤ ይህን የሚያደርግ ቆራጭ በከተማው አልነበረም። እትዬ መጀመሪያ ያየችው የክሊኒኩን የመስታወት ግድግዳ ሲገጥም ነው። የወደደችው እጁን ነበር። የቀረው ውሎ አድሮ ይመጣል ብላ አገባችው።

አልመጣም። እናቷ የሞቱ ዕለት እንኳን፣ የማያውቋት ሰዎች «አይዞሽ» ሲሏት፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ አንዲት ቃል አልወጣችውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእናቷን ፎቶግራፍ ቀጭን መስታወት አልብሶ ራስጌዋ አቆመላት። ጠርዙ እንደ ሐር የለሰለሰ ነበር። ምን ሊላት እንደፈለገ ገብቷታል። ግን ቃል ነበር የፈለገችው። ያ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀረ።

ወንድሟ የኮምፒውተር ጌም ይሠራል። ከአንዲት ሠዓሊ ጋር ሆነው ከልብስ ንጽሕና ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይተዋል፤ ወለሉ ሁልጊዜ ይሞቃል፣ መጋረጃው ሁልጊዜ ዝግ ነው። ጌሙ ነዋሪዎቿ ጥለዋት በሄዱ ከተማ የሚጓዝ ሰው ታሪክ ነው። የፈረሰውን ይጠግናል፣ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ያነጋግራል። ተጫዋቹ ሲጀምር ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡን ለእጅ፣ ለምላስ፣ ለጉልበት፣ ለዓይን እንደፈለገ ያከፋፍላል። ሰውየው በዚያው ያድጋል።

ችግሩ የመጣው ሰዎች ሲሞክሩት ነው። ጉልበት ላይ ብቻ ያፈሰሰው መሃል ላይ ሲደርስ ጉልበት የማይፈታው ነገር ይገጥመውና ጥሎ ይወጣል። ወንድሟ መፍትሔ አለኝ ብሎ አንድ እሑድ እትዬ ቤት ምሳ ላይ አነሳው። ከተማው መሃል የውሃ ጉድጓድ ይኖራል። ተጓዡ በገመድ ይወርዳል፤ ሲወጣ ነጥቦቹ ሁሉ ይመለሱለታል፤ እንደ አዲስ ያከፋፍላቸዋል።

ሠዓሊዋ ሹካዋን አስቀመጠች። «አልስማማም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«እሱ ለኑሮ ነው» አለ ወንድሟ። «ጌም ውስጥ ይታፈሳል፤ ኮዱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰውየው ጨዋታውን ገና ሳያውቀው ነው የመረጠው። ባላወቀበት ቀን የመረጠው ለምን አንገቱ ላይ ታስሮ ይቀራል?»

«እሺ፣ በጉልበቱ ድንጋይ ተሸክሞ ድልድይ ሠራ እንበል። ከዚያ ጉድጓድህ ገብቶ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ምላስ አዞረ። ድልድዩ እዚያው ቆሟል። ሰውየው ግን አሁን ድንጋይ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው። ድልድዩን ማን ሠራው?»

«ማን ግድ አለው?»

«ድልድዩ ግድ ይለዋል» አለች ሠዓሊዋ።

እትዬ ሳቀች። «ድልድዩን ተዪው፣ እህቴ። ሰው ካልተመቸው ይቀየር እንጂ! አንዳንዱ ምላስ ላይ አንዲት ነጥብ ሳያስቀምጥ ተወልዶ ሰው ያስቸግራል።» ይህን ስትል ባሏን አላየችውም፤ ሌሎቹ ግን አዩት።

ጭምቱ ዳቦውን ቆርሶ ቀስ ብሎ አኘከ። «ዝም አይነቅዝም» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ ከእትዬ በቀር።

በመጨረሻ ሁለቱ ተስማሙ። ጉድጓዱ ይኖራል፣ አንድ ሰው ግን የሚወርደው አንዴ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ተሠርቶ ሲያልቅ ወንድሟ ጌም ነክቶ የማያውቅ ሞካሪ ይፈልግ ስለነበር ላፕቶፑን ለጭምቱ ትቶለት ሄደ። «ጋሼ፣ ራስህን ሥራ፤ እንደ ራስህ ተጫወት» አለው። ጭምቱም እንደተባለው አደረገ። ነጥቡን ሁሉ እጅ ላይ አፈሰሰው።

እትዬ ባሏ በአንድ ነገር እንዲህ ሲጠመድ አይታ አታውቅም። በስክሪኑ ላይ ትንሹ ተጓዥ ቡናማ ካፖርቱን ለብሶ መስኮት ይጠግናል፣ ጣሪያ ይከድናል፣ የቆመ ሰዓት ያስኬዳል። ከዚያ አንድ በር ላይ ደረሰ። በሩን የምትጠብቅ ሴት አለች። በሩ መሣሪያ አይነካውም፤ ሴትየዋን በቃል ማሳመን ነው ያለው። ተጓዡ ቀርቦ ይቆማል። ሴትየዋ «ምን ልትለኝ መጣህ?» ትለዋለች። ምርጫው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይወጣል፤ «... »። ነጠብጣብ። ጭምቱ ደጋግሞ ሞከረ። ሁልጊዜ ነጠብጣብ።

ዝናብ በሚጥልበት አንድ ከሰዓት እትዬ ከሥራ ስትመለስ ተጓዡን ጉድጓዱ አጠገብ አቁሞ አገኘችው። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ልግባ?» አላት።

«ግባ እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?»

ዞሮ አያት፤ ረጅም ጊዜ። የሆነ ነገር ሊል የፈለገ መስሏት ጠበቀች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመልሶ ማውሱን ተጫነ። ተጓዡ ገመዱን ይዞ ወረደ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ነጥቦቹ ተደርድረው መጡ። ጭምቱ አንድ በአንድ ከእጅ አንስቶ ምላስ ላይ አስቀመጠ።

«ሁሉንም?» አለች እትዬ።

«አንዴ ነው የሚፈቀደው።»

ተጓዡ ከጉድጓዱ ወጣ። ያው ካፖርት፣ ያው ፊት። ካፖርቱን አራግፎ ወደ በሩ ሄደ። እትዬ ግን ዓይኗ ገመዱ ላይ ቀረ። ሰውየው ወጥቶ ሄዷል፤ ገመዱ ግን አልላላም። ከሥሩ አንድ ሰው እንደተንጠለጠለበት ተወጥሮ ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ስትቀዳ፣ «የሌሊቱን ዝናብ ሰማሽው?» አላት ጭምቱ። «ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ልጅ ሆኜ የነበርንበት ቤት ትዝ አለኝ። እናቴ ባልዲ ደርድራ እያንዳንዱ ባልዲ የራሱ ዜማ ነበረው። ነግሬሽ አላውቅም አይደል?»

እትዬ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች። ሻዩ ከስኒው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭምቱ አወራ። ክሊኒኩ ድረስ እየመጣ ወረፋ የሚጠብቁትን ያስቃል፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሽማግሌ ሳቁ አልቆም ብሎት ሐኪሙ መርፌ መውጋት አቃተው። ፍሬም ሠሪው፣ «ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቀኸው ነው?» እያለ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። አንድ ምሽት ደግሞ ጭምቱ የእናቷን ፎቶ ከራስጌዋ አንስቶ ያን ቀን ሊላት የፈለገውን ነገራት። «ሰው እናቱ ስትሞት ከኋላው የነበረው ግድግዳ ይነሳል፤ ነፋሱ በቀጥታ ይመታዋል። ያን ዕለት ከኋላሽ የቆምኩት ለዚያ ነበር» አላት። እትዬ አለቀሰች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ግን የፍሬም ሠሪው አጎት ሲሞት ለቅሶ ሄዱ። ጭምቱ ፍሬም ሠሪውን አቅፎ፣ «ሰው አጎቱ ሲሞት ከኋላው የነበረው ግድግዳ ይነሳል» ሲል ሰማችው። ፍሬም ሠሪውም አለቀሰ። እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እጁም ነበር። መጀመሪያ አንድ መስታወት ሰበረ፤ «መስታወት ሆኖ የማይሰበር የለም» ብሎ አሳቃት። ሁለተኛውን ሰበረ። ከዚያ ጣቱን ክፉኛ ቆረጠ። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ እያስቸገረው እሷ ትቆልፍለት ጀመር። ሌሊት ትከሻዋ ላይ የሚያርፈው እጅ የባዳ ነበር፤ ከባድ፣ የት እንደሚያርፍ የማያውቅ። ጭምቱ ግን አልተከፋም። ሱቁን ትቶ ከቤት ዕቃ ነጋዴ ጋር ሻጭ ልሁን ይል ነበር። ወደ ታች መውረድ ተወ።

ሆኖም ሥራው አልቆመም። እትዬ ጠዋት መዝጊያውን ከፍታ ትሄዳለች፤ ደንበኛ ራሱ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የሚጽፈው ልክ ሁሉ በጊዜው ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሻሽቶ፣ በር አጠገብ ተደግፎ ይገኝ ነበር። ደንበኛው ይመጣል፣ ይወስዳል፣ ያመሰግናል። እትዬ፣ እሱ እኔ ሥራ ስሄድ እየወረደ ይሠራል ብላ አሰበች። እስኪያንሰራራ ማንም እንዲያየው አልፈለገም ይሆናል አለች።

አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ክሊኒኩ መጥቶ፣ «ለመደርደሪያዬ የተሠራልኝ መስታወት! ባልሽ እጁ ይባረክ፤ እንዲህ ሰርቶልኝ አያውቅም» አላት። ማታ ደስ ብሏት ለጭምቱ ነገረችው። «እጅህ ተመለሰ ማለት ነው።»

ጭምቱ ቀልድ ሊጀምር የከፈተውን አፉን ሳይዘጋ ቀረ። «እኔ?» አለ። «አንቺ ከሌላ ቆራጭ እያስመጣሽ መስሎኝ ነበር።»

ተጓዡን ጉድጓዱ ካወረደው ወዲህ ዝም ሲል ያየችው ያኔ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነቃች። ጭምቱ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ውሃው ይፈስሳል፣ ያንጎራጉራል። በውሃውና በዜማው መሃል ከታች ሌላ ድምፅ መጣ። ጭርርር። ዝም። ቆረቆር። ቀጭ።

ደረጃውን ግድግዳውን ይዛ ወረደች። የሱቁ የብረት መዝጊያ እንደተዘጋ ነው፤ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰው የለም። ብርድ ልብሱ ላይ ለሁለት የተከፈለ መስታወት ተጋድሟል፤ ማስመሪያው አልተነሳም። የመስታወቱ ብናኝ በብርሃኑ መስመር ውስጥ ገና አልረገፈም ነበር። መቁረጫውን ነካችው። እጀታው ሞቋል።

አልሮጠችም። ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ «እኔ ነኝ» አለች። ምንም አልመለሰላትም። መልሶላትም አያውቅም። ግን የሚሰማት ነገር ነበር፤ የሚያዳምጣት ሰው ፊት መቀመጥ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ስታወራ የኖረችው ለዚያ ዝምታ ነው። ስለ ክሊኒኩ አዲስ ሐኪም ነገረችው። ስለ ጉልበቷ ሕመም ነገረችው። ላይኛው ፎቅ ያለው ባሏ ስታወራው ተራውን ነው የሚጠብቀው። ይሄኛው ምንም አይጠብቅም።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት ትወርዳለች፤ ለማንም አልተናገረችም። አንዳንዴ እሷ ተቀምጣ እያለ መቁረጡን ይጀምራል። መቁረጫው ሲንቀሳቀስ ዓይኗ አይቶት አያውቅም፤ ቀና ስትል ሁልጊዜ የተቆረጠ ነው፤ ድምፁ ብቻ ከአጠገቧ ይመጣል። ከላይ ጭምቱ ያንጎራጉራል። ሁለት ባል እንዳላት ሴት ተሰማትና አፈረች።

ሲብስባት ወንድሟ ጋ ሄደች። «ነጥቦቹ የት ነው የሚሄዱት?» አለችው።

«የትኞቹ?»

«ከእጅ የተነሱት።»

«የትም አይሄዱም፣ እትዬ። ቁጥር ናቸው። ከዚህ ተነስተው እዚያ ይጻፋሉ።»

«ገመዱስ ለምን አይላላም?»

ሠዓሊዋ ወንበሯን አዞረች። «ገመዱን የሣልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ሲወጣ ይላላል።»

እትዬ ያመጣችውን ላፕቶፕ ከፈተች። የጭምቱ ተጓዥ ከበሩ ማዶ፣ የቀሩት ጥቂት ሰዎች በከበቡት አደባባይ ላይ ቆሞ ያወራል። ወንድሟ ወደ ጉድጓዱ መለሰው። ገመዱ ተወጥሮ ይወዛወዛል። በሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ ብዙ ሰው ሞክሮታል፤ በሁሉም ገመዱ ላልቶ ተንጠልጥሏል። ወንድሟ ኮዱን ላይና ታች ሲል ቆየ። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ማሽን ከእግራቸው በታች ያጉረመርማል። ሠዓሊዋ ተነስታ መጋረጃውን ከፈተች፤ በዚያ ቤት ብርሃን ሲገባ እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ አየች።

«ስሕተት የለበትም» አለ ወንድሟ በመጨረሻ፤ ድምፁ ቀንሷል። «ለጋሼ ብቻ ጉድጓዱን ሁለተኛ ልክፈትለት? ከፈለገ ይመለስ።»

ማታ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ስለ መቁረጫው ሙቀት ስትነግረው ሳቁ ተወው። ከዚያ ደጅ ደጁን እያየ ተናገረ፤ እንደ ሰሞኑ የሚያምር ንግግር አልነበረም።

«አልመለስም። ያኔ ውስጤ ምን እንደነበር አታውቂም። ቃል አጥቼ መስሎሻል? ቃሉ ሁሉ ነበረኝ። በሩ ነበር የማይከፈትልኝ። አንቺ ስታለቅሺ የምልሽን እያወቅኩ እንደ ግንድ ቆሜ ነበር። ግባ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ደግሞ ተመለስ?»

እውነቱን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያወራች ሴት ያን ምሽት ነጠብጣብ ሆነች።

ጠዋት ቀድሟት ተነሳ። «እኔው ልየው» አለና ወረደ። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ድምፁ ይሰማታል፤ ሰላምታ ሰጠ፣ ቀለደ፣ ትንሽ ቆይቶ ለመነ፣ ከዚያ ተቆጣ። ምላሹ ዝምታ ነበር። የጭምቱ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ተቋረጠ። ጭርርር ሲል ሰማች። መስታወት ተሰበረ። እንደገና ጭርርር። ተሰበረ። ልትወርድ ስትነሳ እሱ ወጣ። ፊቱ ነጭ ነው፤ ቀኝ እጁን በግራው ይዞታል።

«መቁረጫውን አነሳሁ» አላት። «እጄን ያዘኝ።»

«ቀዝቃዛ ነው?»

ጭምቱ አሰበ። «አይደለም። የራሴ እጅ ነው የሚመስለው። ቀስ በል አለኝ።»

«ተናገረ?»

«በእጁ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ታች የሚወርደው እሱ ሆነ። ነጥብ ለመመለስ አይደለም፤ ወንድሟ የከፈተለትን ሁለተኛ ዕድል አልነካውም። እንደ ጀማሪ ተለማማጅ ከመጀመሪያው ተነሳ። አሮጌ ስባሪ መስታወት ሰብስቦ ቀጥ ያለ መስመር መሳብ ይማራል። ይሰብራል፣ ይደማል፣ ይራገማል። አንዳንዴ ክንዱ አልታዘዝ ሲለው ድንገት ይረጋና እጁ በሌላ ሰው ሐሳብ የሚሄድ ይመስል መስመሩ ቀጥ ይላል። ያኔ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ምሳ ላይ ስለ እሱ አያወራም። ስለ ሌላው ነገር ያወራል፣ ግን ቆም እያለ። የሚለውን ከማለቱ በፊት መርጦ የሚያነሳ ይመስል።

ዝናቡ አልፎ ፀሐዩ ሲበረታ የጭምቱ መስታወት ወደ ደንበኛ መውጣት ጀመረ። ጠርዙ ትንሽ ይጎረብጣል፤ ፍሬም ሠሪው፣ «ወሬ ሲበዛ ጠርዝ ይሸረፋል» ብሎ ተረት ፈጠረለት። እሱ አንድ በቆረጠ ቁጥር ማንም ሳይነካው የሚቆረጠው ይቀንስ ነበር። በሳምንት ጥቂት። ከዚያ አልፎ አልፎ። አንድ ጠዋት እትዬ ደረጃው ላይ ሆና ሁለት መቁረጫ ጎን ለጎን ሲሄድ ሰማች፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ለስላሳ። አብረው ጀምረው አብረው ጨረሱ። ቀጭ ያለው አንዴ ብቻ ነው። ለስላሳው ከዚያ በኋላ አልተሰማም። በላፕቶፑ ላይም ገመዱ ላላ።

ጌሙ ወጥቶ ሰው ተጫወተው። ወንድሟ ከዚያ በፊት ጉድጓዱን ከጌሙ ሊያስወግደው ተነስቶ ነበር፤ እትዬን ጠየቃት።

«ተወው» አለችው። «ሰው የዘጋበትን በር ይክፈት። ግን የሚነሳው የት እንደሚሄድ ንገራቸው።»

«የት እንደሚሄድ እኔ መች አወቅኩ?»

«እሱኑ ንገራቸው።»

ሠዓሊዋ ግን ለማንም ሳትናገር አንድ ነገር ጨመረች። ከጉድጓዱ የወጣ ተጫዋች ዞር ብሎ ወደ ታች ካየ፣ ከሥሩ ቡናማ ካፖርት የለበሰ ሰው ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አያይም፣ እጁ ላይ የሆነ ነገር ይሠራል። ተጫዋቾች፣ ስሕተት ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ወንድሟ አይመልስላቸውም።

እትዬ አንድ ጠዋት ባሏ ሳይነቃ ወረደች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስለ ክሊኒኩ ጀመረች፤ አዲሱ ሐኪም ሊለቅ ነው፣ ጉልበቷ ተሽሏታል። መሃል ላይ ቆመች። ክፍሉ ባዶ ነበር። ጠረጴዛ፣ ብርድ ልብስ፣ መስታወት። ከራሷ ጋር ነበር የምታወራው። ከላይ ባሏ ጤነኛ ሆኖ ተኝቷል፣ እሷ ግን ሐዘን ገባት፤ ለቅሶ የማይቀመጡለት፣ ለጎረቤት የማይነገር ሐዘን። እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ጭምቱ ነቅቶ ኖሮ ደረጃው ላይ ቆሞ አያት። ወርዶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ምን ሆንሽ አላላትም። የሚለው እንደነበረው ከፊቱ ታውቃለች፤ ቢያንስ ሦስት የሚያምር ነገር ነበረው። አንዱንም አላለም። ቆይቶ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ እንደ ባዳም አልነበረም።

«እኔም ይናፍቀኛል» አለ።

የብረት መዝጊያው ተንኳኳ። ደጅ፣ የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ የያዘች ሴት ሱቁ መቼ እንደሚከፈት ትጠይቃለች። ጭምቱ ተነስቶ መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋው፤ ለመክፈት ትንሽ ታገለ።